የሊቀ መንበራችን ካፖርትና የግንቦት በረዶ

ለክቡር አቶ በርናባስ፣ በቶሮንቶ የእድራችን ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ሰላምና የካፖርትዎን ደኅንነት እየጠየቅሁ፣ ይህን ደብዳቤ በዳንፎርዝ ጎዳና ባሉት ሱቆቻችን ግድግዳ ላይ በመለጠፌ ድፍረቴን ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ። በግል እንዳልሰጥዎት ከጎንዎ በማይለዩት በአቶ ዘርይሁን እጅ ማለፍ አለበት፤ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነገር ደግሞ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ።

አንደኛ፣ በየካቲት ወር ስለ ዐሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታትና ስለ ባለሟሎቻቸው ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የፈረንሳይ ንጉሥ ሊተኛ ልብሱን ሲያወልቅ ሻማ ይዞ ለመቆም ስንቱ መስፍን ይሻኮት እንደነበር፣ በንጉሡ ጆሮ ሹክ የተባለች አንዲት ቃልም ሰውን ከቤተ መንግሥት እንዴት ታስባርር እንደነበር ሲነግሩን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ፈረንጅ ሲዋረድ መስማት ደስ ይላል።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ እንዳበቃ አቶ ዘርይሁንና ሌላው ባለሟልዎ ካፖርትዎን ለማልበስ አንዱ ቀኝ እጅጌውን፣ ሌላው ግራውን ይዘው ሲጓተቱ፣ ጸሐፊያችን የነበረችው እህታችን የኔነሽ «ሻማውስ የታለ?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎም ስቀዋል፣ አይቻለሁ። በሳምንቱ ግን አቶ ዘርይሁን በጆሮዎ ምን እንዳሉዎት እንጃ፣ የኔነሽ ከጸሐፊነቷ ትነሣ ተባለ። እኛም አንገታችንን ደፍተን ለድጋፍ እጃችንን አወጣን። ያስተማሩን በደንብ ገብቶን ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። ባለፈው ሳምንት የኔነሽ የእናቷን መርዶ ሰማች። አገር ቤት እድርተኛውን ለለቅሶ የሚጠራ ጥሩምባ ነፊ ነበረን፤ እዚህ ግን ለሁሉም ኮል የሚያደርጉት አቶ ዘርይሁን ናቸው፣ እሳቸውም ለማንም አልደወሉም። ወሬው የደረሳቸውም ቢሆኑ እርስዎ ሳይሄዱ ቀድመው መታየቱን ፈሩ። እኔ ከሱቅ ሰምቼ ስካርቦሮ እቤቷ ድረስ ሄድኩ። የእድሩ ወንበር አልመጣም፤ ፍራሽ አንጥፋ ከልጇ ጋር ብቻዋን ተቀምጣለች። ሰዉስ የት አለ ብላ ስትጠይቀኝ፣ በረዶው መንገድ ዘግቶ ነው አልኳት። በግንቦት! መስኮቱ ተከፍቶ፣ ደጅ ያለው ዛፍ አብቦ ይታያል። ቀና ብላ አየችውና፣ «አዎ ጋሼ ዘውዴ፣ ዘንድሮስ በረዶው ከብዷል» አለችኝ። እኔን ላለማሳፈር ብላ ነው። እኔ ግን አፈርኩ፤ በእርስዎ አፈርኩ፣ በእድሩ አፈርኩ፣ ከሁሉ ይልቅ ባወጣሁት እጄ አፈርኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ፈቃድዎ ሲሆን እዚያ ቤት ጎራ ብለው «እግዜር ያጥናሽ» እንዲሏት በታላቅ ትሕትና እማጸናለሁ። ከኋላ የሚከተልዎት እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ሻማ ለመያዝ ባይታደልም እጁን ለማውጣት ያልሰነፈው እድርተኛዎ፣
ዘውዴ
ቶሮንቶ፣ ግንቦት 1988 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ሲሄዱ እባክዎ ካፖርትዎን ለብሰው ይሂዱ። በረዶ ነው ብያታለሁና ውሸታም እንዳያደርጉኝ። እቤቷ ሲደርሱ ግን ራስዎ ያውልቁት።