ደሴቱን ያልረገጠ ካሴት

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥቅምት 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ወንድሜ፣

ክረምቱን እንዴት ወጡት? ጉልበትዎስ ለቀቅ አደረገዎ? እኛን በየብሱ ላይ ያለነውን እርጥበቱ እንዲህ ካንገላታን፣ እናንተን ውኃ መካከል ያላችሁትን ምን አድርጓችሁ ይሆን እያልሁ ነው የከረምሁት። እኔ ደኅና ነኝ። ባለቤቴም ደኅና ነው። ከፋብሪካ ሲመለስ የማሽኑን ጩኸት በጆሮው ይዞት ይመጣና እየጮኸ ያወራኛል፤ እኔም እየጮህሁ እመልስለታለሁ፤ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል።

የተጣላሁትስ ከእርስዎ ጋር ነው።

ካሴቱን መለሱብኝ! ዛሬ ለገበያ እንጨት ይዞ የመጣው አካሉ፣ ገና ከታንኳው ሳይወርድ፣ ያንኑ በላስቲክ የጠቀለልሁትን ዘረጋልኝ። ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። አባ ምን አሉ ብዬ ብጠይቀው፣ «ዘፈን ደሴቱን አይረግጥም፤ ደግሞም ሴት አለችበት ብለዋል» አለኝ። ሴት አለችበት! መዳፍ በማትሞላ ነገር ውስጥ አንዲት ሴት ተጣጥፋ ልትገባባችሁ ኖሯል? እሱም አፉ አያርፍ፣ «እትዬ፣ እንስት ዶሮ የማትሻገርበት ነው፣ እንኳን ኦፔራ» ብሎ ሳቀብኝ። ስናደድ ውዬ ማታ ትዝ ሲለኝ ግን እኔም ሳቅሁ።

ቆቡን ከደፉ ወዲህ እርስዎ የምልዎ አክብሬ ነው። ዳሩ ግን አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ እርስዎ እያሉ መቆጣት እንዴት ያስቸግራል መሰለዎ! አባታችን ከዋርካው ሥር ተማሪዎቹን ዜማ ሲያስቀጽሉ፣ እኔ እርስዎን በአንቀልባ አዝዬ ከአጥሩ ኋላ እቆም አልነበር? ሁለታችንም እኩል ሰማን። እርስዎ ለትምህርቱ ተሰጡ፤ እኔ አስመራ ለአክስታችን ተሰጠሁ። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ የሙዚቃ አስተማሪያችን ሲኞራዋ ድምፄን ሰምታ ቴአትር ቤት ስታስገባኝ፣ እዚህ ጣሊያን ቤት አዝማሪ ሆነች ተብሎ ተወራ። ይወራ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይኸው ሁለታችንም ሸበትን፤ አንድ ቀን እንኳ እስቲ ምን እንደምትዪ ልስማ ብለውኝ አያውቁም።

የቀበሌያችን ጓድ ክንዱ እንኳ ይሻላል። ካሴቱን ስሞክር በአጥር በኩል ሰምቶ ገባና፣ ይህችን ሴት ማን ምን አድርጓት ነው የምትጮኸው አለኝ። የተጨቆነች ገረድ ናት ጓድ፣ አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ እንግዲያውስ ትጩህ አለ። ይኸውልዎ፤ እግዜርን የለም የሚለው ፈቀደላት፣ እግዜርን የሚያውቁት ከለከሏት።

አሁንም ተስፋ አልቆረጥሁምና ምን ምን እንዳለበት ልንገርዎ። ካሉኝ ሸክላዎች ሁሉ ለእርስዎ ይሆናል ያልሁትን መርጬ ነው ባለቤቴን ያስቀዳሁት።

የመጀመሪያው ላይ ሴት የለችም፤ አይፍሩ። ንጋት ላይ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄዱ ወታደሮች ናቸው። እናንተ ማኅሌት ስትቆሙ እንደምታደርጉት ከታች ቀስ ብለው ይነሣሉ፤ የጎደላቸው መቋሚያና ጸናጽል ብቻ ነው። ይኸው በሁለት ሸክላ አለኝ። የሚላኖዎቹ ድምፃቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ የሚያባርራቸው ያለ ይመስል ይሮጣሉ። የላክሁልዎ የሮማዎቹን ነው። መሐል ላይ አንዱ ያስላል። ያንን ሳል እወደዋለሁ።

ቀጥሎ ልጁን አባርሮ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ ንጉሥ አለ። አባታችን ዕዝሉን ሲይዙት ድምፃቸው መሬት ለመሬት ይሄድ አልነበር? እንዲያ ነው። ሌሎቹ ዘፋኞች እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ያለቅሳሉ። ይኸኛው አያለቅስም፤ ለእኛ ይተወዋል። ከዘፋኝ ሁሉ እሱን ያስበለጥሁት ለዚሁ ነው።

ሦስተኛዋ ያቺ ገረድ ናት፤ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ታስተኛለች። ይህቺ በሸክላ አልወጣችም። አንድ የአስመራው ቴአትር ቤት ሠራተኛ በትልቁ ቴፕ ቀድቷት የቀረች ናት። አጭር ናት፤ ሕዝቡ ባርኔጣውን መፈለግ የሚጀምርበት ሰዓት ላይ ነበር የምትመጣው። የዘፋኟ ስም አልተጻፈም። ስም ያላት ዘፋኝም አልነበረች።

ሌላ ትንሽ ወሬ አለችኝ። ይህ እንቅርቴ፣ እናታችንስ እንደ ጌጥ ይዘውት ኖሩ፤ የእኔው ወደ ውስጥ እያደገ ጋደም ስል ያንቀኝ ጀመር። በዚያ ላይ የቀበሌውን የኪነት ልጆች አስተምሪ ተብዬ፣ እኔ ተንፍሱ ስላቸው ኃላፊዎቹ ጩኹ እያሏቸው፣ ከእነሱ ጋር ስጮህ ጉሮሮዬ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ይወጣልኛል። ሐኪሙ ሥራሽ ምንድን ነው ቢለኝ ጽሕፈት ቤት ነው አልሁት። እንግዲያ ድምፅሽ ቢጎረንንም ብዙ አያስቸግርሽም ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ካሴቱን ከሐሙስ በፊት ይስሙት የምለው ግን በዚህ አይደለም። የባትሪ ድንጋዩ አዲስ ስለሆነ፣ ሳይደክም ብዬ ነው።

እንዲህ ያስቡት። ደሴቱ የእናንተ ነው፤ እሺ። የብሱ የእኛ ነው። ውኃው የማን ነው? የዓሣና የጉማሬ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሴትም ወንድም አላቸው። ረቡዕ ጠዋት አካሉ ቴፑን ይዞ ይመጣና ከድንጋዮቹ ራቅ ብሎ ይቆያል። ረቡዕ ጾም ነው እንዳይሉኝ፤ ጆሮ ቅቤ አይበላም። ወርደው ታንኳው ላይ ይቀመጡ። ቴፑን ደንገሉ ላይ አያስቀምጡት፤ ደንገል ውኃ ይመጥጣል፤ ጭንዎ ላይ ያድርጉት። አካሉንም ትንፍሽ እንዳይል ቃል አስገብቼዋለሁ። ካሴቷ ደሴቱን ሳትረግጥ ትመለሳለች።

ቆብህን አክብሬ እስከዚህ መጣሁ። ከዚህ በኋላ አልችልም፤ አንተ ልበልህ።

ሦስተኛዋን ስትሰማ አንድ ጉድለት ታገኝባታለህ፤ ጆሮህን አውቀዋለሁ። ዜማው ከፍ ሊል ሲል፣ አየር በማይሳብበት ቦታ ትስብና ቃሉን ለሁለት ትሰብረዋለች። ሲኞራዋ ይህን ከየት ለመድሽው እያለች ትቆጣት ነበር። ዘፋኟም አልነገረቻትም። ልጅ አዝሎ ከአጥር ኋላ ዜማ የለመደ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚተነፍሰው፤ ልጁን ሽቅብ ገፋ አድርጎ፣ አንቀልባውን ጠበቅ እያደረገ። ልጁም ያኔ ግንባሩን ማጅራቷ ላይ ያሳርፋል።

መልስ አትጻፍልኝ። እዚያች ትንፋሽ ላይ ስትደርስ ራስህን ዘንበል እንዳደረግህ አካሉ አይቶ ቢነግረኝ ይበቃኛል።

የአባታችን ዜማ ከአፍህ አይለይ። ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ውኃው ይታዘዝልህ። ሐሙስ ጠዋት ኪዳን ስታደርሱ ወለተ ጊዮርጊስን በስሟ ጥራት።

ያዘለችህ እኅትህ