በጥር የተከፈተ መስኮት

ጥር 20
ትምህርት ቤት ዋልኩ። የሒሳብ ፈተና… ከአምስት ሦስት። ስመለስ የደጁን በረዶ ጠረግኩ። አክስቴ ራይሳ እስካሁን ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ የጎመን ሾርባዋ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እህቴ ኡልያ ከሞተች አስራ አንድ ቀኗ። ይኸው ጻፍኩት።
ሎሚዋን ላጠጣ ክፍሏ ገባሁ። አንድ ቅጠል ነካ ባደርግ ረገፈ። ሌላ ነካሁ። እሱም።

ጥር 21
አስራ ዘጠኝ ቅጠል። ለምን? ውሃውን ለብ አድርጌ ነው የማጠጣው። የተተከለበትን ገንዳ አላዞርኩም፤ በጠመኔ የተሰመረው ምልክት አሁንም ወደ ብርሃኑ ነው። በከተማችን በፓቭሎቮ የሎሚ ገንዳ የሚያዞር ሰው የለም። ከዞረ ያኮርፋል፣ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ኡልያ በስድስት ዓመቷ ነው ቅርንጫፏን አፈር ላይ ተክላ፣ ብርጭቆ ደፍታበት ያበቀለችው። ዘንድሮ ከእኔ ይረዝማል።
እራት ላይ ጠየቅኩ። እማዬ አቀረቀረች። አክስቴ መለሰችልኝ።
«መስኮቱን እኔ ነኝ የከፈትኩት። የሞተች ዕለት። ነፍስ መውጫ አትፈልግም?»
«ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ነበር እኮ! ዛፉ መስኮቱ ሥር ነው ያለው!»
«ዛፍ ነው፣ ሰው አይደል።»
«ነፍስ በግድግዳ አታልፍም? ወይስ እንዳንቺ ወፍራም ናት?»
የእማዬ ማንኪያ ወደቀ። አክስቴ ግን አልተቆጣችም። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ።

ጥር 27
የክፍሌ ልጅ ፌድያ ተማሪው ሁሉ እየሰማ «ሎሚውም ተከተላት አሉ!» አለኝ። አፍንጫውን በቡጢ አልኩት።
እማዬ ተጠርታ መጣች። ዳይሬክተሯ «ሐዘን ላይ ነው» ብላ ማረችኝ። ማን ለመናት? መቀጣት ነበር የፈለግኩት።

የካቲት 8
ሎሚው ራቁቱን ቀረ። ጎረቤታችን ኢግናቲች በከዘራቸው እያዘገሙ መጥተው አዩት። ስልሳ ዓመት ሎሚ ያሳደጉ ሰው ናቸው።
«ቅጠሉ ራሱ ረገፈ ወይስ ደርቆ ተጣብቆ ቀረ?»
«ረገፈ።»
«እሰይ! የሞተ ቢሆን ደርቆ ይቀር ነበር። መጣልም አቅም ይጠይቃል።» መጋዝ ሰጡኝ። «አረንጓዴ እስክታገኝ ቁረጥ።»
«ሥሩ ድረስ ቢሆንስ?»
«ሥሩ ድረስ ትቆርጣለሃ! የእኛ በሌላ ግንድ ላይ አልተዳቀለም፣ ከቅርንጫፍ የተተከለ ነው፤ ከየትም ቢያቆጠቁጥ ያው ሎሚ ነው። ደሞ አታልቅስበት፣ ጨው አይወድም።»
አልቆረጥኩም። እጄ እንቢ አለኝ።

የካቲት 16
ነገ አርባዋ ነው። አክስቴ «ሰው ሲመጣ ይሄን እንጨት ይይ? አውጣው» አለች። በሩ ላይ ቆምኩ። «መጀመሪያ አንቺ ውጪ!» አልኳት። ሌላም አልኩ። አልጽፈውም።
እማዬ «በቃ! እኔ ነኝ» አለች።
«ምኑን?»
«መስኮቱን የከፈትኩት። ገና በሕይወት እያለች። ራሷ ክፈቺልኝ አለችኝ። ሎሚው ይሞታል እኮ ስላት… ‹አስራ አራት ዓመት በብርድ ወራት መስኮት ያልከፈትነው ለእሱ ብለን ነው፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው› አለችኝ። ሳቀች። በረዶውን አሸተተች። ከሰዓት በኋላ… ግሌብ፣ ብርዱ ይሆን የገደላት?»
ሐኪሙ ከሳምንት አታልፍም ብሎ ነበር። አስታወስኳት። የሰማችኝ አይመስለኝም።
አክስቴ ወጥ ቤት ገብታ ድንች ትልጣለች። ተከትያት ገባሁ።
«ለምን ዋሸሽኝ?»
«እናትህን ከምትሰድብ እኔን ስደብ ብዬ። ወፍራም አይደለሁ? እችለዋለሁ።»
ይቅርታ አልኳት። ቢላ ሰጠችኝ። አብረን ላጥን።
አሁን ማን ላይ ልናደድ? ኡልያ ላይ? … አዎ። አንቺ ላይ። ያን ቀን ትምህርት ቤት ሂድ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ብቀር ኖሮ ዛፉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ መስኮቱንም እኔው እከፍትልሽ ነበር።

የካቲት 18
ቆረጥኩት። አረንጓዴ ያገኘሁት ከአፈሩ አንድ ስንዝር ላይ ነው። መጋዙን በሳብኩ ቁጥር ተሳደብኩ።

መጋቢት 11
ምንም።

ሚያዝያ 6
የኦካ ወንዝ በረዶ ተሰነጣጠቀ፤ ድምፁ መማሪያ ክፍላችን ድረስ ይሰማል። ቤት ገብቼ አየሁት። ከጉቶው ጎን፣ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ነገር። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር… ጮህኩበት። አንተ ትመለሳለህ? አንተ?
እማዬ እየሮጠች መጣች።
«ምን ሆንክ?»
«አቆጠቆጠ።»
ጎንበስ ብላ እንኳ አላየችውም።
«ጠዋት አይቼዋለሁ» አለች። «ልሰድበው ቆሜ ቆሜ፣ የሚመጥነው ስድብ አጣሁ።»
አንድ አዋጣሁላት። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከጥር ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።
«ሌላስ?» አለችኝ።