ትንሿ ኦኮሌ

ከነገሌ ቦረና

ይድረስ ለእማዬ፣ ለፀጋአብ እናት

እማዬ እንዴት ኖት? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ፣ ያ ብርድ ሲመጣ የሚቆረጥምዎት ነገር ተወት አደረገዎት ወይ? ላሚቱስ ወለደች? የወረኢሉን ብርድ ሳስበው እዚህ ሙቀት ውስጥ ሆኜ እኔን ይበርደኛል። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ፣ ዘንድሮ ዝናቡ መጥቶልናል፣ ሳሩም በቅሏል፣ ከብቱም ቀና ብሎ መሄድ ጀምሯል፣ ሰዉም መንገድ ላይ ሲገናኝ ናጋ ናጋ፣ ሰላም ሰላም የሚባባለው ከልቡ ነው። በስልክ ልነግርዎት ስንቴ ደውያለሁ፣ እርሶ አቤት ሲሉ አፌ ይታሰራል፣ ላሟ እንዴት ናት ብዬ እዘጋዋለሁ፣ ለዛ ነው መጻፌ። ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ ይሄን ያህል ጽፌ አላውቅም። የእህትዎ ልጅ ናት የምታነብልዎት አይደል? ቀስ ብላ ታንብብልዎት፣ ጎረቤት ባይኖር ደሞ ጥሩ ነው።

እማዬ አሸነፍኩ! መጀመሪያ ይሄን ልበልና ከስሩ ልጀምርልዎት።

እኔ የምሠራበት የእትዬ የዓለምወርቅ ፔንሲዮን ረሆቦት የምትባል ልጅ ትመጣለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ሥራዋ ዶሎ ኦዶ ስደተኞቹ ጋ ነው፣ እረፍት ሲሰጧት ነገሌ መጥታ እኛ ጋ ታርፋለች። ይቺ ልጅ አንድ ጨዋታ አላት፣ ጂኦካሺንግ ይሉታል። ምን መሰልዎት፣ አንዱ ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን ድንጋይ ስር ወይ ዛፍ ስር ይደብቅና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ስልኩ እየመራው ሄዶ ይፈልጋል፣ ሲያገኛት ውስጧ ያለች ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፍና መልሶ እዛው ይደብቃታል። በቃ ይሄው ነው። «ከዛ ምን ታገኛላችሁ?» ብላት «ምንም፣ ማግኘቱን ነዋ» አለችኝ። ሹፌሯ ዶዮ የዱብሉቅ ቦረና ነው፣ «እኛ የጠፋ ግመል ፍለጋ እግራችን ያልቃል፣ እነሱ ራሳቸው ደብቀው ራሳቸው ይፈልጋሉ» ብሎ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ እማዬ።

እና ረሆቦት ይሄን ጨዋታ የሚጫወቱ ጥቂት ሰዎች ከያቤሎም ከሞያሌም ከናይሮቢም ጠርታ ነገሌ ላይ ልትሰበስብ አሰበች። አስተዳደሩንም የወታደር ካምፑንም አስፈቀደች፣ አለዚያማ ስልክ ይዞ ቁጥቋጦ ስር የሚርመሰመስ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚባል ያስቡት። ለመጣው ሰው ሁሉ የቀኑ ማስታወሻ የሚሆን ትንሽ ዕቃ ይሰጠዋል። ማስታወሻዋ ላይ ቁጥር አለ፣ የወደዳት ያስቀራታል፣ ካልሆነ ደሞ ሌላ አገር የተደበቀች ሳጥን ውስጥ ይተዋታል፣ ሌላው ያነሳትና ይዟት ይሄዳል፣ ቁጥሯ ኢንተርኔት ላይ ሲገባ የት የት እንደዞረች ያሳያል። ለኔ የሰጠችኝ ሥራ ማስታወሻዎቹ ላይ ለጌጥ የሚታሰር ክር ከገበያ መምረጥ ነበር፣ ቀለሙን። ይቺማ ምን አላት ብዬ እሺ አልኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤላት ስገባ ማስታወሻዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

እማዬ፣ ብረት ነው። ቀጭን ብረት፣ ዳሩ ክብ፣ ቁጥር የተወቀረበት፣ ከነሰንሰለቱ። እርሶ ከማተብዎ ጋር ያሰሩት የወታደር ብረት ዓይነት። ከማየቴ በፊት ድምፁን ነው የሰማሁት። ያ መቶ አለቃ የፀጋአብን ብርድ ልብስና ብረቱን በፌስታል ይዞ በራችን ላይ የቆመ ጊዜ የሰማሁት ድምፅ። ሬሳ አልመጣ፣ መቃብር የለ፣ ያቺ ብረት ብቻ። ረሆቦት አንዷን አንገቷ ላይ አጠለቀችና «ያምራል አይደል?» አለችኝ፣ እኔ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ወጣሁ።

ጓዳ ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም እትዬ የዓለምወርቅ «ምነው ጅን ያየሽ መሰልሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውም የወታደር ሚስት ነበሩ እኮ፣ ገባቸው። ከዛ ግን «ስሚ፣ ያን ሁሉ እንግዳ የምታመጣልኝ እሷ ናት። እንግዳ ፊት አፍሽን ከከፈትሽ ሌላ ቤት ፈልጊ» አሉኝ። ሌላ ቤት ከየት ይምጣ እማዬ? የምተኛውም እዛው ነው።

እና ክሩን ልመርጥ ወጣሁ። ገበያ ውስጥ ቀዩን ክር አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ አረንጓዴውን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ስብሰባው ካምፑ መንገድ ላይ ነው። እዛ የሚያልፉትን እናቶች አሰብኳቸው፣ ወተት ሻጯን፣ ቤተክርስቲያን የምትሳለመዋን፣ ያን ሁሉ እንግዳ የልጆቻቸውን ብረት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየሳቀ ሲያዩት። እርሶንም አሰብኩ። እኔ ፈሪ እንደሆንኩ ያውቃሉ፣ በመርዶው ቀን እንኳን ጮክ ብዬ ማልቀስ ፈርቼ ነጠላዬን ነክሼ ነው የዋልኩት። ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ረሆቦት ፊቷን ስትታጠብ ቆሜ ጠበቅኋትና በአንድ ትንፋሽ «ያንን ብረት ሰው አንገት ላይ እንዳታደርጊ» አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። የሚባለው ሁሉ ጠፋኝ፣ «የባሌ ነው» አልኳት። ፊቷ ውሃ እንደሆነ አየችኝ፣ ከዛ አንገቷ ላይ የነበረችውን ቀስ ብላ አወለቀች፣ እንዳይንኳኳ በእጇ ጨብጣ። ልጅት ክፉ ሆና አይደለም እኮ፣ የተራቡ ሕፃናት ስትመዝን የምትውል ናት፣ የነገራት ሰው ስለሌለ ነው። አልቅሳ ስትጨርስ «እንግዲያው አንቺ ምረጪ» አለችኝ።

እኔ! እማዬ፣ ለእንግዳ ቅቤ የትኛውን ልግዛ ተብዬ እንኳን ተጠይቄ አላውቅም። ገበያውን እንደ እብድ ዞርኩት። ጨሌው ያምራል ግን ሳጥን ውስጥ ይበጠሳል። የሞያሌ ቁልፍ መያዣ አገኘሁ፣ አንበሳ አለበት፣ አንበሳው ከቻይና ነው የመጣው። ሻጩ ደሞ የእንግዶቹን ስም እስክሪብቶ ላይ ላስጽፍላቸው ይላል። ቀኑ እየደረሰ ነው፣ ባዶ እጄን ነኝ፣ እትዬ የዓለምወርቅ ሰምተው በጎሪጥ ያዩኛል፣ እንቅልፍም እምቢ አለኝ።

ረሆቦት ያቤሎ ጉዳይ ነበራትና «ነይ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር አይጠፋም» ብላ ይዛኝ ሄደች። እሷ ከኋላ ተኝታለች፣ እኔ ከፊት፣ ዶዮ ይነዳል፣ እያንዳንዷን ቀይ ኩይሳ ሲያሳየኝ የአጎቱን ቤት የሚያሳይ ነው የሚመስለው። ያቤሎ የሚያውቃቸው ሰዎች ቤት ወተት ሲቀርብልን እሱ በእጁ መለሰው። ረሆቦት «ቦረና ሆነህ ወተት?» ብትለው «ረቡዕ ነዋ» አለ። ረቡዕና ዓርብ ወተት የተወ ቦረና እኔ አይቼ አላውቅም። ማን እንዳስተማረው እንጃ።

ከዛ በማግስቱ ዱብሉቅ ወረድን፣ ኤላው ጋ፣ ጉድጓዱ ጋ። እማዬ ቢያዩት! ጥልቅ ነው፣ ሰዎቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ደርበው ይቆማሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ይወረውሩታል። ሙሉዋ ባልዲ ትወጣለች፣ ባዶዋ ትወርዳለች፣ ማንም እጁ ላይ አያቆያትም። አሁን ብዙው የተቆረጠ ጀሪካን ነው፣ አንድ ሽማግሌ ግን የድሮዋን የቆዳ ባልዲ ይዘዋል፣ ኦኮሌ ይሏታል። እኔ ምን ነካኝ፣ «ይቺ ናት! ይቺ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ያ ሁሉ ወንድ ቀና ብሎ አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፣ ረሆቦት ግን ገባት፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ «ከእጅ ወደ እጅ» አለች። አዎ አልኳት፣ ትንንሽ ኦኮሌ፣ መዳፍ የምታክል፣ ከሰው ሰው የምትሄድ።

የምትሰፋውም ተገኘች፣ የዶዮ አክስት። እንደነሱ አዳዳ ብዬ ጠርቻት፣ አካም ብዬ ጉልበቷን ስሜ ተቀመጥኩ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና በኦሮምኛ ለዶዮ አንድ ነገር አለችው፣ እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ፣ ለረሆቦትም አልተረጉምም አለ። እኔ ነገሌ ተወልጄ ኦሮምኛ እንደማይጠፋኝ ረስተውታል መሰለኝ። ያለችውን ለእርሶ አልጽፍም።

የመጀመሪያዋን ኦኮሌ ይዘን መጥተን አጥር ላይ ብናሰጣት የእትዬ የዓለምወርቅ ውሻ በላት። እኔ ላለቅስ፣ ረሆቦት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስቃ ሞተች፣ በነሱ ጨዋታ መጀመሪያ ያገኘ ሰው ይከበራል አሉ፣ ውሻውን አጨበጨበችለት። የቀሩት ሲመጡ ጣሪያ ስር ሰቀልናቸው። ዶዮ በጋለ ሚስማር ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አተመባቸው፣ እጁ ጠንቃቃ ነው፣ አንዷንም አላቃጠለም። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹን በሰልፍ አቆምናቸው፣ ከዱብሉቅ ያመጣናትን ትልቅ ኦኮሌ ውሃ ሞልተን ከእጅ ወደ እጅ እንዲያቀባብሉ አደረግን፣ ግማሹ ረጠበ፣ የናይሮቢው ሰውዬ ሱሪው ሁሉ። ከዛ ትንንሾቹን እንደዛው አቀባበልናቸው፣ ሁሉም የደረሰችውን ያዘ። ረሆቦት ስሜን ጠርታ ወደፊት አወጣችኝ። በኦሮምኛ አካም ኦልታን አልኩ፣ በአማርኛ እንዴት ዋላችሁ አልኩ፣ ሁሉም በያለበት መለሰልኝ። ወተት ሻጯ ቆማ ታይ ነበር፣ ለሷም አንድ ሰጠኋት፣ አንገቷ ላይ አሰረቻት እማዬ፣ ስቃ። እትዬ የዓለምወርቅ ከሰው ሁሉ በላይ እያጨበጨቡ «እኔ ነኝ ያሳደግኳት!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ደሞ ገና አልጨረስኩም። እያንዳንዷ ሳጥን ስም አላት፣ ረሆቦት የዛን ቀኗን ስም አንቺ አውጪላት ብላኝ ነበር። ሳላስብ «ፀጋአብ» አልኳት። ቦታውን ዶዮ ነው ያገኘው፣ ካምፑ መንገድ ላይ ያቺ ትልቋ ግራር ስር፣ ፀጋአብ ተረኛ ያልሆነ ቀን ቆሞ የሚጠብቀኝ ቦታ። ነግሬው ስለነበር አልረሳም። ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞ አመጣ፣ ካስቀመጠው በኋላ ኮፍያውን አውልቆ ትንሽ ቆመ። እንግዶቹ ስልካቸውን እያዩ ዞሩ፣ ዞሩ፣ አለፉት፣ ተመለሱ፣ ከዛ አንዲት ሴት ድንጋዩን አነሳችና በእንግሊዝኛ ጮኸች፣ ረሆቦት ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፣ «ፀጋአብን አገኘሁት!» ነው የምትለው።

እማዬ፣ ይስሙኝማ። እርሶና እኔ ያን ሁሉ ደጅ ጠንተን፣ የት ወደቀ ብለን ጠይቀን፣ ማንም ያላለንን ቃል። ከዛ ወዲህ የሚያልፈው ሁሉ እያነሳት ስሙን ይጽፋል፣ ፀጋአብን አገኘሁት፣ ፀጋአብን አገኘነው ይላል። አለቀስኩ፣ ግን ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ ነጠላም አልነከስኩ።

አሁን ደሞ ፍርሃቴ መጣ።

ይሄን ደብዳቤ የሚሰጥዎት ዶዮ ነው። መኪናዋ ለሥራ ኮምቦልቻ ስትላክ ወረኢሉ ድረስ እሄዳለሁ ያለው ራሱ ነው፣ እኔ አልላክሁትም። አማርኛው ትንሽ ይንገዳገዳል፣ ቢስቁበት አይቀየምም፣ እሱም ይስቃል። ብርድ አያውቅምና ቤት ውስጥ ጋቢ ካለ ያልብሱት። በእጁ የያዛት ትንሿ ኦኮሌ የእርሶ ናት፣ ከሁሉም የምታምረውን መርጬ ነው፣ ቁጥር አላሳተምኩባትም፣ የምትሄድበትን እኔና እርሶ ብቻ እንድናውቅ።

እማዬ የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ያስተማሩኝ እርሶ ኖት፣ እርሶ ጋ ሳለሁ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን ይዤ ስወጣ ከበር የመለሱኝን አልረሳሁም። እሱን አይተው ልብዎ ከፈቀደ፣ ከጓሮዎ ገብስ ጥቂት ፍሬ ጣል አድርገውባት በሱ እጅ ይላኩልኝ፣ መርቀውናል እላለሁ። ልብዎ እምቢ ካለም ባዶዋን ይላኳት፣ ምንም አልልም፣ አልቀየምም፣ እንደድሮው እደውላለሁ፣ ላሟ እንዴት ናት እልዎታለሁ።

እግዜር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ጓዳዎን ይሙላው፣ ላሚቱን በሰላም ያዋልድልዎት፣ ለቅሶ ደጅዎን ይርሳው፣ የኔንም ዕድሜ ለእርሶ ይጨምርልኝ። እዚህ ላይ ምራትዎ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ፣ እንዳይቀየሙኝ።

ልጅዎ