ስለ ሁለቱ የፊት ጎማዎች የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የክርስትና አባቴ ለአቶ ያጎሽ፣
የያቮርዬ መንደር ሊቀመንበር፣ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ነጂና የተራራችን ብቸኛ ጎሚስታ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርዎ ግራ ጉልበትዎ ዘንድሮ እንዲተውዎ፣ የባለቤትዎ የእትዬ ሚሉሻ ሳል እንዲለቃቸው፣ በጎችዎ መንታ መንታ እንዲወልዱ፣ መኪናዎም በአራቱ አዳዲስ የበረዶ ጎማዎቿ ላይ ቆማ ክረምቱን በሰላም እንድትሻገር የዘወትር ጸሎቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ በሱቁ በር ላይ፣ የሞቱ ሰዎች ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ቦታ መለጠፌን ይቅር ይበሉኝ። ማንም አልሞተም። በዙሪያው ጥቁር መስመር ያላሰመርኩትም ለዚሁ ነው። በመንደራችን ሰው ቆሞ እስከ መጨረሻው የሚያነበው ግን ያንን በር ብቻ ስለሆነ ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ከጎኑ ደግሞ የእርስዎ የራስዎ ማስታወቂያ አለ፤ ማንኛውም አሽከርካሪ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የበረዶ ጎማ ሳያስገጥም ወደ ጋራው እንዳይወጣ የሚያስጠነቅቀው፣ ማኅተም ያረፈበትና ፊርማዎ ያማረበት። ሁለታችን ጎን ለጎን ብንነበብ ደስ ይላል ብዬ ነው።

ድምፄን ብዙ ስለማያውቁት ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። የኦብራድና የሮሳንዳ ትልቋ ልጅ ቪዶሳቫ ነኝ። በተጠመቅሁ ቀን ይዘው የቆሙት፣ ስሜንም በእናትዎ ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ በትምህርት ቤታችን የሰባ ዓመት ሴት ስም የነበራት ተማሪ እኔ ብቻ ስለነበርኩ መምህሮቹ በቶሎ ይለዩኝ ነበር፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አልቀጠልኩም። እንግዳ ሲመጣ የራኪያ አረቄውን ቀድቼ ወደ ጓዳ የምገባው እኔ ነኝ። ሱቅ ስላክ ዳቦ የምጠይቅበትን ቃል በመንገድ ላይ ደጋግሜ የምለማመድ ሰው ነኝ። ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት ስለማይ የመንደራችንን ሰው ፊት እምብዛም አላውቀውም፤ ጫማውንና የመኪናውን ጎማ ግን አሳምሬ አውቃለሁ። ስለ ጎማ እጽፍልዎ ዘንድ የደፈርኩት በሌላ ምክንያት አይደለም።

ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ።

በቅዱስ ሉቃስ ቀን፣ የቤታችን ጠባቂ ቅዱስ በዓል፣ ስላቫ፣ ሲከበር፣ እንደ ወጉ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ነበር። አባቴም እናቴ በጥር መጨረሻ እንደምትወልድ፣ ሆስፒታሉ ከጋራው ወዲያ እንደሆነ፣ ስለዚህም ከተማ ወርዶ አራት የበረዶ ጎማ ሊገዛ እንዳሰበ አጫወተዎት። እርስዎ ብርጭቆዎን ከፍ አድርገው፣

«ኦብራድ፣ ያቺ መኪናህ ፎር ባይ ፎር አይደለችም እንዴ?» አሉት።

«ናት፣ አበልጄ።»

«አራቱም ጎማ ይጎትታል?»

«ይጎትታል።»

«ታዲያ ምን ቆርጦህ ነው ከተማ ወርደህ ለሌባ የምትገብረው? የበረዶ ጎማ እኮ ለምስኪን መኪና ነው! ይቺ ፍየል ናት፣ ፍየል! ፍየል ጫማ አድርጋ አይተህ ታውቃለህ?»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እናቴ እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች «ፍየልም ሰኮና አላት» ስትል ግን የሰማኋት ከጓዳው በር ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ዓለም ጎማ የሚመርጠው ጎማውን አይቶ ነው ይባላል። እኛ የምንመርጠው አበልጃችንን አይተን ነው። በተራራችን ወንድምን መቃወም ይቻላል፤ ከቄሱ ጋር መከራከር፣ ከመንግሥት ጋር መካሰስም ይቻላል፤ በስላቫ ጠረጴዛ ላይ አበልጁን «ተሳስተሃል» ያለ ወንድ ግን እስካሁን አልተወለደም። አባቴም የመጀመሪያው ሊሆን አልፈለገም። «አንተ ካልክ አለቀ» ብሎ ብርጭቆውን ጨለጠ።

ሁለተኛ፣ ስለ ልግስናዎ።

በማግስቱ አባቴ ገና ልቡ እንዳልረጋ ከፊቱ አይተው ኖሮ ጋራዥዎ ወስደው የወንድምዎ ልጅ ከጀርመን ካመጣቸው አሮጌ ጎማዎች ሁለቱን በነጻ ሰጡት። «ከፊት ታስገጥማቸዋለህ። የኋላዎቹ የት ይሄዳሉ? ተከትለው ይመጣሉ» አሉት። ስጦታ ነውና እኛም በደስታ ተቀበልን።

እነዚህን ጎማዎች ቀርቤ ለማወቅ ሞክሬአለሁ። ጎማ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩ ቁጥሮች ጎኑ ላይ እንዳሉ በስልኬ ካየሁ በኋላ ጭቃውን ጠርጌ ሳነብ ከእኔ የሚበልጡ ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ። በእርስዎ መኪና ጎማዎች ጎን ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመሐሉ የበረዶ ኮከብ ተስሏል፤ ይህም በእውነተኛ በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ምልክት ነው። በእኛዎቹ ላይ ያሉት ግን «ለጭቃና ለበረዶ» ለማለት የሚጻፉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ፋብሪካው ምንም ሳይፈትን ሊጽፋቸው ይችላል። አባቴ ስለ ተራራው ምልክት ሲጠይቅዎ «እሱ ጌጥ ነው፣ ዋጋ ለመቆለል ነው» ብለውታል። ስለሆነም መኪናዎ አራት ጌጥ አድርጋ በደጃችን ባለፈች ቁጥር ቆሜ አደንቃታለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው እሑድ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳሉ የመኪናዎን ጎማ በአውራ ጣቴ ጥፍር ተጭኜዋለሁ። በዚያ ብርድ ቆሞ እንኳ ለስላሳ ነው፤ ጥፍር ያስገባል። ቤት ሄጄ የእኛን ብጫን የተጎዳው ጥፍሬ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ኋላ ጎማዎቹ።

ተከትለው ይመጣሉ ያሉትን ቃልዎን በሚመለከት፣ እስከ ጋራው ጫፍ ድረስ በታማኝነት እንደተከተሉን በዚህ እመሰክራለሁ። በታኅሣሥ መጀመሪያ እናቴን ለምርመራ ስንወስዳት መኪናችን ዳገቱን የወጣችው እየዘለለች ነው ማለት ይቻላል። አባቴ መሪውን በመዳፉ እየመታ «አበልጄ ምን አለ? ፍየል!» ይል ነበር። ዳገቱ ላይ እውነት ብለዋል፤ አራቱም ጎማ ከጎተተ መውጣት ቀላል ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ሰው የሚፈልገው መቆም ነው። ለመቆም ደግሞ የመኪናዋ መጎተት ምንም አይረዳትም፤ መሬቱን የሚይዘው ጎማው ብቻ ነው። ከገበሬው ከራዶዬ ማሳ በላይ ያለው ኩርባ ላይ አባቴ ፍሬን ሲይዝ የፊቶቹ አዛውንቶች እንደ አቅማቸው ያዙ። የኋላዎቹ የበጋ ጎማዎች ግን መከተል ሰልችቷቸው ኖሮ ቀደሙን።

መኪናዋ ቀስ ብላ ዞረች። በመስኮቴ ገደሉ አለፈ፣ ጥዶቹ አለፉ፣ ከዚያ የራዶዬ የድርቆሽ ክምር መጣና እሱ ሳያልፍ ቀረ። ፊታችንን ወደ ቤታችን አዙረን ክምሩ ውስጥ ተቀመጥን። ከዚያ እናቴ ቀበቶዋን እያላላች፣

«ኦብራድ፣ ቤት የረሳኸው ነገር አለ?» አለችው።

እኔ ሳቅሁ፤ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። እናቴ ግን አብራኝ አልሳቀችም፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ታዳምጥ ነበር። የእኔም ሳቅ ያን ጊዜ ቆመ። አባቴ መሪውን እንደጨበጠ ወደ እሷ ሳይዞር ጠበቀ። በመጨረሻ እጄን ይዛ ወደ ሆዷ አስጠጋችኝና ልጁ መዳፌን ከውስጥ በእግሩ መታው። እንዲህ ያለ ርግጫ ተቀብዬ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ራዶዬ መንሹን ይዞ መጣ። አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ ክምሩን አየና፣

«ስማ ኦብራድ፣ እኔ ይሄን ያኖርኩት ለላሞቼ ነው። ያንተዋ ሣር ትበላለች እንዴ?» አለ።

«ፍየል ናት አሉ» አለችው እናቴ።

ከዚያ እርስዎ በበረዶ መጥረጊያው መኪና ደረሱልን፤ በገመድም ጎትተው አወጡን። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ውስጡ ምንም የለበትም። ገመዱን እየፈቱ ግን «አየህ! ፎር ባይ ፎር ባትሆን ኖሮ ይሄኔ ገደል ነበርክ!» አሉት። አባቴም ባርኔጣውን አውልቆ አመሰገነዎት። ለመፍትሔ ደግሞ ለአራቱም ወቅት የሚሆን ጎማ እንዳለዎት፣ ከኋላ ሁለቱን ቢለውጥ እንደሚበቃው ነገሩት። እኛ ጋ ግን አራት ወቅት የለም፤ በረዶ የሚወርድበትና እንጨት የሚፈለጥበት ሁለት ብቻ ናቸው።

አራተኛውን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም፤ ምስጋናም አቤቱታም አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ላሞቹን ላልብ ስወጣ አባቴ ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሲጫን አገኘሁት። እንደዚያ ማድረግን እኔ አላስተማርኩትም።

«ደረቅ ነው» አልኩት።

«ነው» አለኝ።

«ታዲያ ንገራቸው።»

«ማን? እኔ? ምን ልበለው? የሰጠኸኝ ስጦታ ልጄንና ሚስቴን ሊገድልብኝ ነበር ልበለው?»

«አዎ።»

«አንቺን ያነሳ ሰው እኮ ነው፣ ቪዳ! አባቱ አባቴን አንስቷል፣ አያቱ አያቴን። ይሄ ሁሉ ኖሮ ኖሮ በጎማ ይፍረስ?» አለኝ። ቀጥሎም ላሟ እስክትዞር ድረስ ሳቀና «ከፈለግሽ አንቺ ንገሪው!» አለ።

የሳቀው እኔ ለሰው ምንም እንደማልናገር ስለሚያውቅ ነው። እኔ ግን እንደ ትእዛዝ ተቀበልኩት። ይኸው፣ ነገርኩዎ።

ክቡር ሆይ፣ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አራት ጎማ፤ አራቱም የበረዶ፣ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክና እኩል ጥርስ ያላቸው፤ ምክንያቱም እንዲህ ባለች መኪና ላይ ጎማዎቹ ካልተመሳሰሉ እርስ በርስ እየተጓተቱ ውስጥ ያለውን ማርሽ ይበሉታል። ተራራውና የበረዶው ኮከብ ያለባቸው፤ ዕድሜያቸውም ገና ትምህርት ቤት ካልገባው ትንሹ ወንድሜ የማይበልጥ። እነዚህን ደግሞ ከእርስዎ አንጠይቅም። ከተማ ይሸጣሉ፤ እናቴም ጥጃዋን ሸጣ ገንዘቡን አዘጋጅታለች። ከእርስዎ የምንለምነው፣ አባቴን በስላቫው ጠረጴዛ ካሰሩበት ቃል በሌላ ቃል እንዲፈቱት ነው። «ኦብራድ፣ ከተማ ወርደህ ግዛ፣ አልቀየምህም» ይበሉት። ከወደዱ ቤታችን መጥተው፣ ከወደዱም ሞተሩን ሳያጠፉ ከመጥረጊያው መኪና መስኮት ይንገሩት። ሐሳቡ የራስዎ እንደሆነ አስመስለው ቢነግሩትም አልቃወምም፤ መንደሩ ያነበበውን እንዳላነበበ ለመምሰል ችሎታ አለው፤ እኔም እንደሚያውቁኝ ዝም ባይ ነኝ።

እስከ ዛሬ ከቦት ጫማዎ በላይ ቀና ብዬ ላላየሁት ክቡር ፊትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ ያነሱኝን እጆችዎን እየሳምኩ፣ ለመንደራችን መንገዶች ለሚያደርጉት ትጋት፣ በተለይም ከራስዎ ደጅ ተጀምሮ እኩለ ቀን ላይ የእኛ ደጅ ለሚደርሰው የበረዶ ጠረጋ ምስጋናዬን እየደገምኩ፣ መልስዎን በትሕትና እጠባበቃለሁ።

ታዛዥ የክርስትና ልጅዎ
ቪዶሳቫ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ የተለጠፈባቸውን መርፌዎች የሰጡኝ እትዬ ሚሉሻ ናቸው፤ መልሰው እንዲሰጧቸው አደራ። ደግሞም ሆስፒታል ለምትሠራው አዋላጅ ደውዬ የእናቴ ቀን ሲደርስ መኪናችን ቁልቁለቱን መውረድ ቢያቅታት ምን እንደምናደርግ ጠይቄአታለሁ። «ከቁልቁለቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ቤት የማን ነው?» አለችኝ። የእርስዎ መሆኑን ነገርኳት። «እሺ፣ እዚያው ግቡ፤ እኔ በስልክ እመራችኋለሁ። ንጹሕ አንሶላ፣ ብዙ ሙቅ ውሃ፣ አንድ የማይደነግጥ ሰው ይኑር» አለች። አንሶላውን እትዬ ሚሉሻ አጥበው አስቀምጠዋል፤ ውሃውም አያስቸግርም። የማይደነግጠው ሰው ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ የእርስዎን ስም ሰጥቻለሁ። እጅዎን እስከ ክርንዎ በሳሙና መታጠብ ከአሁኑ ቢጀምሩ ጥሩ ነው ብላለች፤ የጎማ ጥቁረት ቶሎ አይለቅም።