ሽሮ የሌለበት ሾርባ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሾርባው እየፈላ ነው። ካሮት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርት እንደ ልብ። ደብተሬ፣ ሆድ የለህም እንጂ አቀምስህ ነበር።

ዶ/ሩ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር እንዳትነካ ካለኝ ወዲህ ሁዳዴ ጉድ አፈላብኝ። ሽሮ የለም። ክክ የለም። ባለቤቴ ሰብለ ጾሙን ተወው አለች። ከልጅነቴ የጾምኩትን አሁን አለርጂ ሊያስፈታኝ? አይሞከርም!

የሰብለ እናት እማማ አስካለ ከአዲስ አበባ ባሕር ተሻግረው መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ድስቱን ከፍተው አዩና የበሽተኛ ምግብ ነው አሉ። አለርጂ ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። የገባቸው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ከኤርፖርት ሰው በታክሲዬ ሳመላልስ ውዬ ርቦኝ ገባሁ። ሾርባዬን አሞቅኩ። ወፈር ብሏል፣ ሲጣፍጥ! እጄ ይባረክ ብዬ ደገምኩ።

ከዚያ ከንፈሬ አበጠ። ከዚያ ጉሮሮዬ። የአለርጂ መርፌዬን አውጥቼ ጭኔ ላይ ወጋሁ። እማማ ቡዳ ነው ብለው ጠበል ረጩብኝ። አምቡላንስ እንዲልኩልኝ 911 ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴትዮ ስሜን ትጠይቀኛለች፣ እማማ የቡዳውን ስም ይጠይቁታል። ለሁለቱም የምመልስበት ጉሮሮ የለኝም።

ሰብለ እንግልውድ ካለው ሥራዋ በርራ አምቡላንሱ የወሰደኝ ኢመርጀንሲ መጣች። እናቷን አፋጠጠች። ጉዱ ወጣ፦ ሾርባው ውሃ ውሃ ቢላቸው ሽሮ ነስንሰውበታል። ትንሽዬ፣ ለአማች ክብር! አለቀሱ። እኔ ያበጠ ከንፈሬን ይዤ አይዞዎት እላለሁ። ውስጤ ግን ተቃጥሏል። ምን ላድርግ፣ አማት ላይ አይጮኽ!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9፣ ጠዋት

እማማ ሌላ ሰው ሆነዋል። ሽሮው ጋራዥ ገብቷል። ለሾርባዬ የራሱ ድስት፣ የራሱ ጭልፋ። ሰብለ ድስቱ አጠገብ ብታስነጥስ ተቆጧት።

ነገ ግን ማኅበሩ እኛ ቤት ነው። ለእንግዳ ሽሮ ይሠራል። ሽሮ ባለበት ሁሉም ሰው ሽሮ በነካ እጁ ያጎርሳል። ጨነቀኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 10፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ቤቱ ጢም ብሏል። አንዱ ሊያጎርሰኝ ሲነሣ እማማ ይመልሱታል። ንስሐ አባታችንን እንኳ ይቅርታ አባቴ፣ እሱ አይጎርስም አሏቸው። ኮራሁባቸው።

ከዚያ ራሳቸው ጠቀለሉ። ከሾርባዬ ድንችና ጎመን፣ በእንጀራ። ጣታቸውን አየሁ። ሽሮ አለበት። ሲበሉ የነበሩት ነው፤ ረስተውታል። በሞቴ ይሉኛል። የምሞተው እኮ እኔ ነኝ!

ሰው ሁሉ አፌን ያያል። የአማት ጉርሻ ይመለሳል? አማትን እጅዎን ይታጠቡ ይባላል? ሰብለ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

አልኩ። እማማ፣ እጅዎን ይታጠቡልኝ።

ፊታቸው ጥቁር አለ። ጉርሻውን ባልተዘጋጀችው ሰብለ አፍ ውስጥ ከተቱትና ተነሡ። አለቀልኝ፣ ሻንጣቸውን ሊያወጡ ነው አልኩ። ወደ ቧንቧው ሄዱ። በሳሙና፣ እስከ ክንዳቸው። ተመልሰው መጡና መዳፋቸውን ግራ ቀኝ አገላብጠው አሳዩኝ። አዲስ ጠቀለሉ፣ ቡጢ የሚያህል። ጎረስኩ። እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩም።

አባ ይህን አይተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ቧንቧው። ማኅበርተኛው ተከተላቸው። ለካስ ሁሉም ሊያጎርሰኝ አምሮት ኖሯል! ከሾርባው ጠቅልለው በየተራ፣ ደግሞ እንደገና። ሳሙናው አለቀ። ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

ደብተሬ፣ መኝታ ቤት ተደብቄ ነው የምጽፍልህ። በሩን ቆልፌያለሁ። እስከ ፋሲካ ሾርባ የሚባል ነገር ላልቀምስ ወስኛለ... እየተንኳኳ ነው። እማማ ናቸው። ታጥቤያለሁ ይላሉ። አንዲት ብቻ፣ በሞ