የአባዬ እሺ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ አባዬ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያጉረመርማል ወይስ ታርቃችኋል? ደም ግፊትህስ? እማዬ ጨዉን እንደደበቀችብህ ነው ወይስ ቦታውን አገኘኸው? እኔና አማችህ፣ ተመስገን፣ ደህና ነን፤ የጎደለን ያንተ ሳቅ ብቻ ነው። ጆሮህን ያልጠየቅሁት ረስቼው አይደለም። ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ እሱ ነውና ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

ባለፈው ወር ስደውልልህ አንድ ትልቅ ነገር ነግሬህ ነበር። ከማንም በፊት አንተ እንድትሰማው፣ ለእማዬም አንተ እንድታበስራት ብዬ ነው። አንተ ግን "እሺ ልጄ፣ እሺ፣ በርቺ" ብለህ ስልኩን ዘጋኸው። ከዚያ በኋላ እማዬም ዝም፣ አንተም ዝም። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ከፋኝ። አባዬ ደስ አላለውም ማለት ነው ብዬ አማችህ ላይ ስነጫነጭ ሰነበትኩ። ምስኪን፣ ባልሠራው ጥፋት ተቀጣ።

ነገሩ የገባኝ በሥራዬ ጣጣ ነው። አሁን ፕሮግራም የምንሠራው ለኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው። አንተ አውቶቡስ በምትነዳበት ዘመን ሁሉን የሚያውቀው ሾፌሩ ነበር፤ ዛሬ በሩም፣ ፍሬኑም፣ ሞተሩም የየራሳቸው ትንሽ ኮምፒውተር አላቸውና ካን በሚባል ጥንድ ሽቦ እርስ በርስ ያወራሉ። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፤ መልእክቱ ቁጥር ስላለው የሚፈልገው ብቻ ይይዘዋል። ሁለት አንድ ላይ አፍ ከከፈቱ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፣ ሌላው ሳያኮርፍ ተራውን ይጠብቃል። እኛ ቤት ምሳ ላይ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በተደማመጥን ነበር። መልእክቱ ሳይበላሽ የደረሰው ደግሞ እዚያው ሽቦ ላይ "እሺ" ይላል። ላኪውም እሺታውን ካገኘ አይደግምም።

የእኔ ድርሻ ከሽቦው የሚመጣውን ተቀብሎ ለሞተሩ የሚያደርሰው ፕሮግራም ነው። በሙከራው ቀን አውቶቡሱ በሩ ተከፍቶ ሳለ ተንቀሳቀሰ። መካኒካችን አንድ እግሩን አስገብቶ ነበርና ዘሎ ወረደ። ክፉ አልነካውም፣ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። አለቃችን የበሩን ኮምፒውተር ጠረጠረች። ሽቦውን ስንፈትሽ ግን በሩ "ተከፍቻለሁ" ብሏል፤ እሺም ተብሎለታል።

ለካስ እሺ የሚለው የእኔ ፕሮግራም ሳይሆን መልእክቱን ከሽቦው የሚቀበለው ትንሽ ቺፕ ነው። እንደ ዘበኛ ደጃፍ ላይ ተቀብሎ ለእኔ ፕሮግራም ያንኳኳል። ዘበኛው ዘንድ ያለው ቦታ ለሦስት መልእክት ብቻ ነው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ቶሎ ወደ ቤት ማስገባት ሲገባው፣ እያንዳንዱን እዚያው በር ላይ አቁሞ ይመረምራል፣ ያሰላል፣ ይወስናል። በዚህ መሃል አራተኛው ሲመጣ ቦታ አጥቶ ይጠፋል። የጠፋው ያ "ተከፍቻለሁ" የሚለው ነበር። እሺ ተብሎለታል፣ የሰማው ግን የለም።

"ይሄ እኮ የአባዬ እሺ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። ባልደረቦቼ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ አስረዳኋቸው። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እሺ ተብሎለት የጠፋን መልእክት "የአባዬ እሺ" ይለዋል። አለቃዬ ራሷ በየጠዋቱ የአባዬ እሺ ተገኘ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ሳታውቀው ታዋቂ ሆነሃል።

ያኔውኑ ለእህቴ ደወልኩ። የሞተር ሳይክሉን ነገር ነገረችኝ። ጥሩምባው ከኋላህ ሲጮህ ሳትሰማ ልትሻገር ስትል ጎረቤታችን ክንድህን ይዞ ባይጎትትህ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ለማንም እንዳትናገር አስምለሃት ነበር አሉ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትልህ እሺ፣ ነገ ስትልህ እሺ፣ ቀኑ ሲደርስ ጆሮ ዳባ ልበስ። የማዳመጫ መሣሪያውንም ሽማግሌ ያስመስለኛል ብለሃል። አባዬ፣ ሽማግሌ እኮ ነህ። አልተቆጣሁም፤ ፈራሁ እንጂ።

ፕሮግራሙን አስተካክዬዋለሁ። አሁን ሲንኳኳ ቶሎ ተቀብሎ ወረፋ ያስይዛል፤ ምርመራው በኋላ በእርጋታ ነው። ወረፋው ከሞላ አፍ አውጥቶ ሞላ ይላል። የበሩ ድምፅ ከጠፋም ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። አንተስ እንዲሁ አልነበርክ? ረዳትህ "ተዘግቷል" ሳይልህ ፍሬን አትለቅም ነበር። ካልሰማኸው በተሳፋሪው ሁሉ ፊት "ምን አልክ?" ብለህ ትጮሃለህ፣ አታፍርም። አሁን እኛን ልጆችህን ምን አላችሁ ማለት ለምን አሳፈረህ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው አባዬ፤ በዚህ ሳምንት ከእህቴ ጋር ሂድ።

እማዬን አገላብጠህ ሳምልኝ። እህቴን ምላሷን ስለፈታች እንዳትቆጣት፤ ብትቆጣት ከእኔ ጋር ነው ጠብህ። ታናሽ ወንድሜን ቴሌቪዥኑን ላንተ ብሎ ከፍ ስላደረገ አመስግንልኝ። የጎረቤታችንን ያንን ክንድህን የያዘ እጅ በእኔ ስም ጨብጥልኝ። አማችህም እጅ ይነሳል፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

በስልክ ያልሰማኸው ነገር ይኸውልህ፦ አባዬ፣ አያት ልትሆን ነው። ክረምቱ ሲገባ እንወልዳለን። ሲወለድ ስልኩን አፉ ላይ አድርጌ ጩኸቱን አሰማሃለሁ፤ እማዬ እንድትነግርህ ሳይሆን በገዛ ጆሮህ እንድትሰማው። ስትመልስልኝ እሺ እንዳትለኝ። የነገርኩህን አንተው መልሰህ ንገረኝ።

የምትወድህ ልጅህ

ከሥራ ቦታዬ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ጥር ፲፬ ቀን