ያለ ጊዜው ያለቀ ፍሪሲዮን

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ያ ትከሻሽን የሚይዝሽ ሕመም ተሻለሽ? ከእኛ ወጥተሽ የተከራየሽው ቤት ተስማማሽ? እኔ አለሁ። መኖር ከተባለ አለሁ።

ጎረቤት ሁሉ «ጣውንትሽ» እያለ የሚቀልድብኝ ቀይዋ ስፖርት መኪና ፍሪሲዮኗ አልቆ፣ ባለፈው እሁድ በጭነት መኪና ተጭና ገባች። ባለቤቴን ታውቂው የለ፣ ጭረት ባየባት ቁጥር ጋራዥ የሚሮጥ ሰው፣ አሁን ግን ራሴ እዚሁ ቤት እቀይረዋለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ፍሪሲዮኑ ከተገጠመ ዓመት እንኳ አልሞላው፣ የገጠሙልህን ሰዎች ሄደህ ጠይቃቸው ብዬ ብመክረው፣ ነገር አታብዢ አለኝ።

ቅዳሜ ግቢ ውስጥ በክሪክ አነሳትና ከሥሯ ገባ። ቁልፍ አቀባይዋ እኔ ነኝ። ካምቢዮውን ብቻውን ማውረድ ሲያቅተው ጡረታ የወጣውን መካኒክ ጎረቤታችንን ጠራሁለት። ምነው ባልጠራሁት። ሽማግሌው የፍሪሲዮኑን ሸራ አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ሳቅ ብሎም ይሄ በመንገድ ያለቀ አይደለም፣ ለማጅ ያቃጠለው ነው፣ ሚስትህን መንዳት እያስተማርክልን ነው እንዴ አለው። ባለቤቴ ቀና አላለም። ብሎን የጠፋበት ይመስል መሬቱን ይዳብስ ጀመር።

እኔን ሊያስተምር። ስንት ዓመት ለመንኩት፤ ይቺ መለማመጃ አይደለችም እያለ ሲመልሰኝ አንቺም ሰምተሻል። እንዲያውም ለእኔ አዝነሽ ተቆጥተሽው ነበር። እሁድ እሁድ ሞተሯን ላሟሙቃት ብሎ ሲወጣ እኔ ሞኟ ቶሎ ተመለስ እያልኩ እሸኘዋለሁ። የመንጃ ፈቃድሽ ፎቶ የደረሰኝ በቀደም ነው። እንኳን ደስ ያለሽ። ማን እንዳስተማረሽ ግን አልጻፍሽልኝም።

እህቴ፣ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል። እናታችን ካለፈች ጀምሮ ፀጉርሽን ያበጠርኩሽ፣ እጅሽን ይዤ ትምህርት ቤት ያደረስኩሽ እኔ ነኝ። ለሰው እንዳልናገር የማፍረው በአንቺ ነው። ሲከፋኝ የማዋየው አንቺን ብቻ ነበር፤ ይሄንንም ይኸው ለአንቺው እጽፋለሁ። ሌላ ሰው የለኝም።

አመሻሽ ላይ ገጥሞ ሲጨርስ፣ ከሥር እንደተኛ፣ ግቢና ፍሪሲዮኑን ርገጪልኝ አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ የሾፌሩ ቦታ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ መኪናዋ ሥር፣ መኪናዋ በክሪክ ላይ። ምን ምን እንዳሰብኩ አልነግርሽም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ርገጪ ሲለኝ ረገጥኩ፣ ልቀቂ ሲለኝ ለቀቅኩ። ጉልበቴ ግን መሪው ሥር ተቀርቅሮ አላላውስ አለኝ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። እሱ እንደሆነ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው፣ እኔም አላጥርም። እዚህ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ለመድረስ በርጩማ የምትፈልገው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች።

ወደ ኋላ አልመለስኩትም። እንዳለ ትቼዋለሁ።

ነገ አክስታችን ዘንድ እሄዳለሁ። እባክሽ እዚያ አትምጪ፤ ዓይንሽን ካየሁ እንደ ልማዴ ይቅር ብዬሽ አርፋለሁ፣ አሁን ደግሞ አልችልም። ፍሪሲዮኑ ደህና ሆኗል። ስትነጂ እግርሽን ከላዩ በአንዴ አታንሺ፣ ቀስ እያልሽ ልቀቂው።

መንገድሽን ሰላም ያድርግልሽ። ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ምንም ቢሆን ታላቅ እህትሽ